ካስክ የገባችው ቄብ

እትዬ ይድረቅ ምግብ ማብሰል አትችልም። ይህን የሚክድ ሰው በቤተሰቡ ውስጥ አልነበረም፤ እሷም ክዳ አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ የሴት ፀጉር ስትሠራ ኖራለች፤ ወደ ምድጃ የምትጠጋው ሻይ ለማፍላት ብቻ ነው፤ ሻዩንም የምታፈላው ባሏ ቤት በሌለ ጊዜ ነው። ስለዚህ አንድ ሰኞ አመሻሽ ላይ ሁለት ትናንሽ፣ ያልተቆራረጡ ቄቦች በፌስታል አንጠልጥላ ስትገባ ባሏ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶም አደረገ።

«ምንድን ናቸው?»

«ቄቦች።»

«እሱ ይታየኛል። የመጡበትን ምክንያት ነው የጠየቅሁት።»

«ሊጠበሱ ነው።»

«በማን?»

ፌስታሉን ይዛ ወደ ማድ ቤት አለፈች።

ባልየው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነበር። ሥራው ጥሎት ከሄደ ቆይቷል፤ የአነጋገር ልማዱ ግን አብሮት ቀርቷል። ጎረቤት ቢሞት «በተጓደለው አባል ምትክ» ሳይል አያልፍም። ከሚስቱ ጋር የተስማሙበት ዋና ነገር ሁለቱም ከሚያስፈልገው በላይ ቃል አለማባከናቸው ነው።

«ይድረቅ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ፀጉር ቤቷ በጫማ አዳሹ ሱቅና በመድኃኒት ቤቱ መካከል የተሸጎጠ ጠባብ ክፍል ነው። በአንደኛው ግድግዳ በኩል የፀጉር ማድረቂያ ካስኮቹ ተደርድረዋል፤ ፊት ለፊታቸው መስታወትና ሁለት ወንበሮች፤ ከበስተኋላ መታጠቢያው፤ ከመታጠቢያው በላይ ደግሞ እያረጀ በሄደ ቁጥር ድምፁ የጨመረ ቦይለር። ፀጉሯ በቢጉዲን ተጠቅልሎ ካስክ ውስጥ የገባች ሴት ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ሊኖራት ይችላል፤ ልጇ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ሊያለቅስ ይችላል፤ ሙሽራ ልትሆንና ውጭ መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ ሊጠብቃት ይችላል። ካስኩን በእጇ ከፍ አድርጋ «የደረቀ ይመስለኛል» ስትል እትዬ መጥታ የእጇን ጀርባ ማጅራቷ ላይ ታሳርፋለች። ከዚያም «ይድረቅ» ትላለች፤ ካስኩም ይወርዳል። ከዚህ ፍርድ ይግባኝ የለም።

ሁለተኛዋ ሠራተኛ ሞቄ ትባላለች። መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው፤ በእሱ ሲጠሯት ግን ዞር ብላ አታይም። ፀጉር አጣቢ ነች። የሰው ራስ ገንዳው ላይ ባስደገፈች ቁጥር «ሞቅ ይበል?» ብላ ትጠይቃለች፤ ሻይ ስትቀዳም፣ መስኮት ስትዘጋም ያው ነው። ገና ጉብል ሳለች ተቀጥራ እስካሁን ታጥባለች። ቢጉዲን እንድትጠቀልል፣ መቀስ እንድትይዝ ተፈቅዶላት አያውቅም። እትዬ መጀመሪያ «ውሃውን ትልመድ» ብላ ነበር፤ ውሃው ተለምዶ የሚያበቃበትን ቀን ግን ማንም አልተናገረም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ሁለተኛው ወንበር ባለቤት አልነበረውም። ፀጉር ቤቱን ከእትዬ ጋር የከፈተችው ታላቅ እህቷ ነበረች፤ ወንበሩም የእሷ ነበር። እህት ካረፈች ወዲህ ነጭ አንሶላ ለብሶ መስኮቱ ሥር ቆሟል። አንሶላው በየሳምንቱ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ መልሶ ይለበሳል። ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ የለም። ፊቱ ባለው መደርደሪያ ላይ የእህቲቱ የፒን ሳህን ባዶውን ተቀምጧል፤ በዚያ ቤት እያንዳንዱ ወንበር የራሱ የፒን ሳህን አለው፤ ደንበኛ ስትሄድ ከፀጉሯ የወጡት ፒኖች ሁሉ ወደ ሳህናቸው ሳይመለሱ ወለል አይጠረግም።

አሁን ወደ ቄቦቹ። ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ሰኞ በፊት በነበረው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የዳኛዋ ሰዓት ነው። ዳኛዋ ችሎት ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም ይባላል፤ ካስክ ውስጥ ሲገቡ ግን እንደ ማንኛዋም ሴት የራሳቸው ድምፅ ስለማይሰማቸው ይጮኻሉ።

«ስሚ!» አሉ ካስኩ ውስጥ ሆነው። «ጥጉ ላይ የተከፈተው ባለመስታወቱ ፀጉር ቤት ሞቄን ሊወስድብሽ ነው አሉኝ! ወንበር ሊሰጧት ነው! እስከሚመጣው ቅዳሜ ድረስ መልስ ትሰጣለች አሉ!»

ሞቄ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ የአንዲት ልጅ ራስ እያጠበች ነበር። እጇ ቆመ። ከዚያ ታጥቦ ያለቀውን ራስ ዳግመኛ ውሃ ውስጥ አስገባችና «ሞቅ ይበል?» አለች። እትዬ ደግሞ ዳኛዋ ጋ ሄዳ፣ ማጅራታቸውን ሳትነካ፣ «ይድረቅ» ብላ ካስኩን እስከ ቅንድባቸው አወረደችው።

ከዚያ በኋላ እትዬና ሞቄ ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል አልተነጋገሩም።

እሑድ እትዬ እንቅልፍ እንቢ አላት ቢባል ማጋነን ይሆናል፤ ተኝታለች። ነገር ግን ከመተኛቷ በፊትና ከነቃች በኋላ አሰበች። ሞቄ ከሄደች ሌላ አጣቢ ይገኛል፤ ከተማው በአጣቢ የተሞላ ነው። ያን ቤት ግን ከእሷ ጋር በዝምታ የምትከፍትና በዝምታ የምትዘጋ ሌላ ሰው አይገኝም። ሌላ ሰው ቢሆን «አትሂጂ» ብሎ ይገላገላል። እትዬ ይህን ቃል በአፏ ውስጥ ብታገላብጠው፣ ብታገላብጠው፣ የሚወጣበት ቀዳዳ አጣችለት። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አላት። አንድ ቀን ምሳ እየበሉ ሳለ ሞቄ ከሰባት ልጆች የመጨረሻዋ መሆኗን እያወራች፣ ዶሮ በታረደ ቁጥር ከታላላቆቿ ተርፎ ለእሷ የሚደርሰው አንገት ወይም የክንፍ ጫፍ እንደነበር ተናግራ ነበር። «እኔ ሙሉ ዶሮ የማውቀው በሕይወት እያለች ነው፣ እትዬ» ብላ ስቃለች። እትዬ ያን ጊዜ አልሳቀችም። የሚያስቅ ነገር ወዲያው የሚያስቃት ሴት አይደለችም።

እነሆ ቄቦቹ የመጡበት ምክንያት።

መጥበሻውን ልጇ ነው ያመጣላት፤ ሰዎች ኤር ፍራየር የሚሉትን። በስጦታነት ከተቀበለችው ወዲህ ከካርቶኑ ወጥቶ አያውቅም። ያን ሰኞ አወጣችው፤ ቅርጫቱን ሳበች፣ አጎንብሳ ወደ ውስጥ ተመለከተች፣ ከዚያም ልጇ ዘንድ ደወለች።

«ማሞቂያው ከላይ ነው፣ ማራገቢያውም ከላይ ነው» አለችው። «ይህ ካስክ ነው። ወንበር ብቻ ነው የጎደለው።»

«እማዬ፣ ካስክ በይው፣ ግድ የለም። ያው ሞቃት አየር ነው የሚዞረው። በመጀመሪያ ቆዳዋን በጨርቅ በደንብ ታደርቂያለሽ፤ እርጥብ ከገባች ትቀቀላለች እንጂ አትጠበስም።»

«ይህን እኔን ታስተምረኛለህ?»

«ይቅርታ። ከዚያ ዘይት፣ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ። በደረቷ ታስተኛታለሽ፤ እኩሌታው ላይ አውጥተሽ ታገላብጫታለሽ።»

«ካስክ ውስጥ ያለ ሰው በመሀል አይወጣም፤ አይገላበጥምም።»

«እማዬ፣ ሰው አይደለችም።»

«መርሁ አንድ ነው» አለችና ዘጋችው።

የመጀመሪያዋ ቄብ የጠፋችው በእውቀት ብዛት ነው። እትዬ አሰበች፦ ሞቃት አየር ፀጉርን የሚያደርቀው ፀጉሩ ቢጉዲን ላይ ስለሚጠቀለል፣ ቢጉዲኑም ክፍትና ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ነው፤ አየሩ በውስጥም በውጭም ያልፋል። የቄቧ ሆድ ግን ተጨማድዶ ተዘግቷል፤ አየሩ በየት በኩል ይለፍ? ስለዚህ ከሥራ ቦርሳዋ አንድ ትልቅ ቢጉዲን አወጣች፤ አጠበችው፤ በቄቧ ሆድ ውስጥ አስገባችው። ክንፎቿንም ወደ ላይ እንዳይነሱ በሁለት የፀጉር ፒን ወደ ጎኗ አሰረቻቸው። በዚህ ዓለም ላይ ቄብን በዚህ መንገድ ለማዘጋጀት የሚያስብ ሰው ፀጉር ሠሪ ብቻ ነው።

ፒኖቹ ብረት ስለሆኑ ምንም አልሆኑም፤ እንዲያውም ክንፎቹ ያለ መጠን አምረው ወጡ። ቢጉዲኑ ግን ፕላስቲክ ነበር።

ባልየው አንድ ጉርሻ አነሳ፤ አላመጠ፤ ወደ ጣሪያው አየ።

«ናሙናው ቀርቦ ተቀምሷል» አለ። «ውስጡ የፕላስቲክ ጠረን እንዳለው በሙሉ ድምፅ ተረጋግጧል።»

«ያለኸው አንተ ብቻ ነህ።»

«ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።»

ሁለተኛዋ በማግስቱ ያለ ቢጉዲን ገባች። እትዬ ደወሉ እስኪጮህ ድረስ ቅርጫቱን አልነካችም፤ በደረቷ እንዳስተኛቻት ተወቻት፤ ማገላበጥ የሚባለውን ምክር ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። ቄቧ ስትወጣ ጀርባዋ እንደ አሮጌ ጫማ ጠቁሮ ነበር፤ ሆዷ በኩል ደግሞ ወደ ቤቱ ስትገባ የነበራትን መልክ እንደያዘች ናት።

«በአንድ በኩል ከመጠን በላይ ተወያይታለች» አለ ባልየው፣ ሹካውን አስቀምጦ። «በሌላው በኩል አጀንዳው ገና አልተነሳም።» ከዚያ ድምፁን ለወጥ አደረገ። «አንቺ፣ ይህ ሁሉ ለማን ነው?»

«ለሞቄ።»

«ልደቷ ነው?»

«አይደለም። ሙሉ ዶሮ በልታ አታውቅም። ቅዳሜ ጥጉ ላይ ላሉት መልስ ትሰጣለች።»

ባልየው ሳህኑን ገፋ አደረገ። «አትሂጂ ብትያትስ?»

«አፌ አልለመደውም።»

«እንግዲያው» አለ ባልየው፣ «ቄቧን አገላብጫት።»

ይህን ምክር ከልጇ አልተቀበለችውም፤ ከባሏም መቀበል ቀላል አልነበረም። ረቡዕ ሌላ ቄብ ገዛች። ሰዓቱ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ቅርጫቱን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ቆመች። ያልደረቀን ነገር ከሙቀቱ ማውጣት ምን እንደሚመስል ለዘመናት ለሰው ስትነግር ኖራለች፤ አሁን የገዛ እጇ ይህን ሊያደርግ ነው። ፊቷን አጠቆረች፣ ሳበች፣ ገለበጠች፣ መለሰች። ቄቧ ወርቅ መስላ ወጣች። ታፋዋን በሹል ነገር ስትወጋት የወጣው ጭማቂ እንደ ውሃ የጠራ ነበር። ባልየው አንድ ታፋ እስከ አጥንቱ ከበላ በኋላ «ጸድቋል» አለ፤ ሌላ ምንም ሳይል ሁለተኛውን ታፋ አነሳ።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ መጥበሻውን በካርቶኑ፣ ሌላ ቄብም በፌስታል ሸፍና ይዛ ወደ ፀጉር ቤቱ መጣችና ጓዳ ውስጥ፣ ፎጣዎቹ ከሚቀመጡበት መደርደሪያ አጠገብ ሰካችው። ሞቄ ከጓዳው በር ውጭ የቀረውን ባዶ ካርቶን አየች፤ አልጠየቀችም። ይልቅ ዓይኗን ወደ ወለሉ አድርጋ፦

«እትዬ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ትንሽ ብወጣስ? እስከ ጥጉ ድረስ ነው።»

«ምሳ ሳትበዪ?»

«እዚያው… አላውቅም። ተመልሼ እበላለሁ።»

«በልተሽ ትወጫለሽ» አለች እትዬ፣ ወደ ጓዳ ገብታ። ድምፅዋ የሚቆጣ ሰው ድምፅ ነበር፤ ከዚህ የተለየ ድምፅ አልነበራትም።

ስሌቷ ትክክል ነበር። ዳኛዋ ታጥበው፣ ተጠቅልለው ካስክ ሲገቡ ቄቧም ትገባለች፤ ዳኛዋና ቄቧ አንድ ላይ ይደርሳሉ፤ ዳኛዋ ይሄዳሉ፤ ቄቧ ትቀርባለች። ከስሌቱ የቀረው የኤሌክትሪኩ ነገር ብቻ ነው። ካስኩ እየነፋ፣ ቦይለሩ እያንጎራጎረ፣ ቄቧም ተገላብጣ ሁለተኛ ዙሯን እንደጀመረች ቤቱ ድርግም አለ።

«ምን ሆነ?» ብለው ጮኹ ዳኛዋ፣ ካስኩ ዝም ማለቱን ሳያውቁ።

እትዬ ብሬከሩን አነሳችው። ወረደ። ቦይለሩን አጥፍታ አነሳችው። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ወረደ። ሁለቱን ሙቀቶች አብሮ የሚሸከም ቤት አልነበረም፤ ወይ ካስኩ ወይ መጥበሻው። እትዬ በጓዳው በር ላይ ቆመች። በአንድ በኩል ያልደረቀ የዳኛ ራስ አለ፤ በሌላ በኩል ያልበሰለች ቄብ አለች፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ ወደ ምሳ እየሄደ ነው።

«ሞቄ» አለች። «አውጫቸው።»

ሞቄ የሰማችውን አላመነችም። «አልደረቁም እኮ፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ። አውጫቸው።»

«እኔ አልደረቅሁም!» አሉ ዳኛዋ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ደርቄ ነው የምወጣው!»

«ዛሬ በሌላ መንገድ ይደርቃሉ» አለች እትዬ። «ሞቄ ትሠራዎታለች።»

«ማን… እኔ?» አለች ሞቄ። «የት ላስቀምጣቸው? ብርሃን ያለው…» አለችና ዝም አለች። ብርሃን ያለው መስኮቱ ሥር ነው፤ መስኮቱ ሥር ደግሞ አንሶላ የለበሰው ወንበር ነው።

እትዬ ወደ ወንበሩ ሄደች። አንሶላውን በሁለት ጫፉ ይዛ አነሳችው፤ እንደ ልማዷ አራት ላይ አጠፈችው፤ ክንዷ ላይ አደረገችው። «ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች። «እጅ የለሽም?» ከዚያም ገብታ የጓዳውን በር ዘጋች፤ ካስኩን አጥፍታ ብሬከሩን አነሳችው፤ መጥበሻው መንፋት ጀመረ።

ከበሩ ጀርባ ሁሉ ነገር ይሰማታል።

«ልጄ፣ ራሴን ከማጠብ ሌላ ነክተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ እሜቴ። ግን የት የት ጋ እንደሚያስቸግር አውቀዋለሁ። እዚህ በስተቀኝ ያለው እንቢተኛ ነው፣ አይደል?»

«ነው» አሉ ዳኛዋ፣ ትንሽ ቆይተው።

ቢጉዲኖቹ አንድ በአንድ ሲወጡ፣ እያንዳንዱ ጥቅልል እንዳይፈታ በፒን ወደ ራስ ቅሉ ሲጣበቅ፣ ከዚያም የመጥበሻው ካርቶን ክዳን ተቀድዶ ማራገቢያ ሲሆን እትዬ በድምፁ ብቻ ተከታተለችው። አንድ ጊዜ በሩ ተንኳኳ።

«እትዬ፣ ከሳህንዎ ላይ ሁለት ፒን ጎድሏል።»

«ሥራ ላይ ናቸው» አለች እትዬ፣ ቄቧን እያየች።

ዳኛዋ ተሠርተው ሲያልቁ እትዬ ከጓዳው ወጣች፤ ዳኛዋ መስታወቱ ፊት ብዙ ቆዩ። ራሳቸውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዞሩ። እንቢተኛው በኩል ተኝቷል። «ከዚህ የባሰ አይቻለሁ» አሉ እትዬን በመጨረሻ። «ከአንቺው እጅ።» ቦርሳቸውን አንስተው በሩ ላይ ቆሙ። «የሚመጣው ቅዳሜ የሚሠራኝ ማን ነው?»

«እሷን ይጠይቋት» አለች እትዬ።

ሞቄ ቢጉዲኖቹን ትሰበስብ ነበር፤ ቀና አላለችም። ዳኛዋም ሄዱ።

እትዬ ወደ ጓዳ ተመልሳ ቄቧን ከቅርጫቱ አውጥታ ጥቂት አሳረፈቻት፤ ልጇ እንዲህ ብሎ ነበርና። ከዚያ በንጹሕ ሳህን አድርጋ፣ የቢጉዲን መጫኛው ጋሪ ላይ ነጭ ፎጣ አንጥፋ፣ እየገፋች አመጣቻት። ቄቧ ወርቃማ ነበረች፤ ክንፎቿ እንደ ተቀመጠች እመቤት ክንድ ጎኗ ላይ ተሰብስበዋል። ጋሪው ሁለተኛው ወንበር ፊት ቆመ።

ሞቄ አየቻት። «ለማን ነው?»

«ለአንቺ።»

«ከማን ጋር?»

«ከማንም ጋር።»

«ሙሉዋን?»

«ጎድላ አየሻት እንዴ?»

«እርስዎስ፣ እትዬ?»

«እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስበላት ነው የከረምሁት» አለች እትዬ። ይህ እውነት ነበር። ከዚህ ቀጥላ ለመናገር ያዘጋጀችው ነገር ነበር፤ ከእሑድ ጀምሮ ስታዘጋጀው ነበር። አፏን ከፈተች። «ቆዳዋ ደርቋል?» አለች።

ሞቄ በጣቷ ነካ አደረገችው። ተንኮሻኮሸ። «ደርቋል፣ እትዬ።»

ሞቄ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እጇ በልማድ ወደ አንገቱ ሄደ፤ መንገድ ላይ ቆመ፤ ወደ ታፋው ዞረ። መጀመሪያ በቀስታ በላች፣ ቀጥሎ በፍጥነት፣ ከዚያ ደግሞ የሚቀማት እንደሌለ የገባት ይመስል እንደገና በቀስታ። እትዬ ሰው ሲበላ አይታይም በሚል ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር፤ ይሁን እንጂ የመስኮቱ መስታወት ሁሉን ያሳያል።

የሞቄ ስልክ ከኪሷ ውስጥ ጮኸ። ሁለቱም ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ጮኸ፣ ጮኸ። እትዬ ከመስኮቱ አልዞረችም፤ ጀርባዋ ግን እንደ እንጨት ደርቆ ነበር።

«እጄ ቅባት ነው» አለች ሞቄ።

ስልኩ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጮኸ። ሞቄ ክንፉን ገንጥላ ትግጥ ነበር፤ ጥርሷ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨ። አወጣችው፤ ወደ ብርሃኑ አድርጋ አየችው። ከሌላው ክንፍ ሁለተኛውን አወጣች።

«እትዬ… ፒን ነው እኮ።»

«ክንፏ እንዳይነሳ ነው።»

ሞቄ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ እስክትታነቅ ድረስ ሳቀች፤ ስልኩም ሳቋን ሳያቋርጥ ጮሆ ጮሆ ቆመ። አጥንቶቹን በሳህኑ አንድ ጥግ ሰበሰበች። ከዚያ ሁለቱን ፒኖች በፎጣው ጫፍ ጠርጋ፣ ወደ መስታወቱ ተንጠራራች። የእትዬ ሳህን በቀኟ ነበር፤ የእህቲቱ ባዶ ሳህን በግራዋ ነበር። በግራው አስቀመጠቻቸው። የሸክላ ሳህኑ ቅጭል አለ።

እትዬ ይድረቅ ይህን በመስኮቱ መስታወት አየችው። እስካሁን ክንዷ ላይ የቀረውን አንሶላ ወስዳ ጓዳ ውስጥ፣ ከፎጣዎቹ መጨረሻ ሥር፣ እጅ በማይደርስበት በኩል አስገባችው። ስትመለስ ሞቄ አሁንም ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ፒኖቹን ታያለች።

«መጀመሪያ በሳሙና እጠቢያቸው» አለች እትዬ። «ቅባት አላቸው። ከሰዓት ደንበኛ አለሽ።»

ሞቄ ተነሣች፤ ፒኖቹን ይዛ ወደ መታጠቢያው ሄደች፤ ቧንቧውን ከፈተች። ቦይለሩ ገና ጠፍቶ ነበር።

«ውሃው ሞቅ አላለም፣ እትዬ።»

«በቀዝቃዛው እጠቢያቸው» አለች እትዬ፣ ወደ ብሬከሩ እየሄደች። «ከዚያ በደንብ ይድረቁ።»